ድመቷ፣ ዱለቱና አፈሩ

በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ባለቤት ከሌላቸው ድመቶች የ48ቱን ደም መርምሮ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ48ቱ 41ዱን ቶክሶፕላዝማ ጎንዲ (በአጭሩ ቶክሶ) የሚባለው ጥገኛ ተህዋስ ይዟቸው እንደሚያውቅ ደማቸው መሰከረ። ከ2 ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በከተማዋ 2 ሆስፒታሎች ለእርግዝና ክትትል የመጡ 288 ሴቶችን መርምረው ያገኙትን አሳተሙ። የ246ቱ ደም ያንኑ ተህዋስ ያውቀዋል። ማስሊያ ያለው ይሞክረው፤ ሁለቱም 85.4 በመቶ ናቸው። እንዲያውም የድመቶቹን ሁለት ቁጥሮች በ6 ብታበዟቸው የእናቶቹን ሁለት ቁጥሮች ቁልጭ አድርገው ይሰጧችኋል። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ምስጢር የለበትም። የዚህች ከተማ ድመትና የዚህች ከተማ ነፍሰ ጡር ከአንድ አፈር ላይ እንደሚኖሩ ግን ጥሩ አድርጎ ያስታውሳል።

በዚህችው ከተማ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ አንዲት ሴት ማርገዟ ሲሰማ ከሚጎርፉት ምክሮች አንዱ «ድመቷን አስወጪያት» የሚል ነው። ምክሩ ከሬዲዮም ይመጣል፣ ከስልክም፣ ቡና ከሚጠጡ ጎረቤቶችም። ድመቷ ማዳበሪያ ውስጥ ትከተትና ወንዝ ማዶ ትለቀቃለች። ብዙም ሳይቆይ አይጥ የጤፉን ጆንያ ይቀድዳል። የቤቱ ሰው ግን ቢያንስ ከቶክሶ ተገላገልን ብሎ ይጽናናል። ድመቷ ስትወጣ አደጋው አብሯት ወጥቷል ወይ? ሳይንስ ይህን ጥያቄ በቅጡ ለመመለስ ከ60 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ መንገዱም ቀጥ ያለ አልነበረም።

ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። በ1908 ቱኒስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ የተባሉ ሐኪሞች ሌላ በሽታ ሲያጠኑ ጉንዲ በምትባል አይጥ መሰል የበረሃ እንስሳ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ጎበጥ ያለ ረቂቅ ነገር አዩ። መጀመሪያ ሌይሽማኒያ መሰላቸው። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ አልፎንሶ ስፕሌንዶሬ ይህንኑ ተህዋስ በጥንቸል ላይ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ኒኮልና ማንሶ አዲስ ፍጥረት መሆኑን ተረድተው ስም አወጡለት፤ የእንስሳዋን ስም ሲጽፉ ፊደል ስተው «ጎንዲ» አሉትና ስህተቱ እስከ ዛሬ ይዞ ቀረ። ኒኮል በኋላ የኖቤል ሽልማት ቢያገኝም የተሸለመው በታይፈስ ሥራው ነው። ጉንዲ ላይ ያየው ነገር ለሰው ምን እንደሚያደርግ ለብዙ ዓመታት ማንም አልጠየቀም።

በ1923 ፕራግ ላይ ዮሴፍ ያንኩ የሚባል የዓይን ሐኪም ጭንቅላቱ ውሃ ቋጥሮ የሞተ የ11 ወር ሕፃን ዓይን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሬቲናው ላይ በተህዋስ የተሞሉ ከረጢቶች አየ። ምን እንደሆኑ ግን እርግጠኛ መሆን አልቻለም። ማስረጃው የተሟላው ኒውዮርክ ውስጥ ነው። በግንቦት 1938 አንዲት ሕፃን በቀዶ ሕክምና ተወለደች፤ በ3ኛ ቀኗ ያንቀጠቅጣት ጀመር፤ ወር ሲሞላት አረፈች። ዎልፍ፣ ካወንና ፔጅ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአንጎሏ የወሰዱትን ናሙና ለጥንቸልና ለአይጥ ሲሰጡ እንስሳቱ በዚያው በሽታ ታመሙ። እናትየዋ አልታመመችም ነበር። ልጇ በማሕፀን ሳለች መያዟ ግልጽ ሆነ፤ ጤነኛ የምትመስል እናት ሳታውቀው ለፅንሷ ልታስተላልፈው እንደምትችል የታወቀው ያኔ ነው።

በ1948 አልበርት ሳቢን (በኋላ በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት የሠራው ሰው) ከሃሪ ፌልድማን ጋር ተህዋሱ በደም ውስጥ ጥሎት የሚያልፈውን አሻራ የሚለይ ምርመራ አወጣ። ሕያው ተህዋስ ሰማያዊ ቀለም ይጠጣል፤ ቀድሞ የተያዘ ሰው ደም ሲጨመርበት ግን ቀለሙን አይቀበልም። ምርመራው በየአገሩ ሲዳረስ ያልተጠበቀ ነገር ወጣ፤ ብርቅ ተደርጎ የተቆጠረው ተህዋስ የሚሊዮኖችን ደም ጎብኝቷል፣ አብዛኞቹም አንድ ቀን እንኳ ታምመው አያውቁም። ቢበዛ የአንገት ንፍፊት ያብጥ ይሆናል፣ ወይም ጉንፋን የሚመስል ድካም ይመጣና ያልፋል። ከዚያ ሰውነት ያሸንፈዋል፤ ተህዋሱ ጡንቻና አንጎል ውስጥ ተሸሽጎ ዕድሜ ልክ ይኖራል።

እንግዲህ ይህን ያህል ሰው ከየት ነው የሚይዘው? አንዱን መልስ ፓሪስ ሰጠች፤ መልሱ የተገኘበት መንገድ ግን ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አያልፍም። ጆርጅ ዴሞንትና ባልደረቦቹ በ1965 ባሳተሙት ጥናት፣ ተኝተው የሚታከሙ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሕፃናት በዚያ ቤት ወግ ብዙም ያልበሰለ ሥጋ ይሰጣቸው ነበር። በዓመት ከ100 ልጆች 10 ያህሉን ይይዝ የነበረው ተህዋስ ለብ ለብ ያለ የበሬ ወይም የፈረስ ሥጋ ሲጨመርላቸው ወደ 50 ከፍ አለ። የበግ ጎድን ሲጨመር ደግሞ ወደ 100 ተጠጋ። የበጓን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሥጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። በ1959 ቦምቤይ ላይ የተሠራ ምርመራ ግን ሥጋ ጨርሰው የማይቀምሱ ሰዎች ከሥጋ በሎቹ ባልተለየ ደረጃ ተይዘው አግኝቷል። ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሁዳዴን በሰላጣና በጎመን የሚያሳልፍ ሰው ለ55 ቀን ከሥጋ ርቆም ከተህዋሱ አይርቅም። ሌላ በር መኖር አለበት።

በሩን የከፈተው ግላስጎው ውስጥ የሚሠራ ዊልያም ሀችሰን ነው። በ1965 የተያዘ አይጥ ለድመት አበላ፤ ዓይነ ምድሯን በቧንቧ ውሃ ውስጥ አንድ ዓመት አስቀመጠው፤ ከዚያ ለሌሎች አይጦች ሲሰጣቸው ተያዙ። ተህዋሱ ከአንድ ዓመት የውሃ ውስጥ ቆይታ በኋላም ሕያው ነበር! ሀችሰን ግን ምክንያቱን ሳተው፤ የድመት ሆድ ውስጥ በሚኖር ትል እንቁላል ተሸክሞ የሚወጣ መሰለው። ጃክ ፍሬንከልና ወጣቱ ህንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ጄ. ፒ. ዱቤይ ትል የሌለባቸው ድመቶችም ማስተላለፋቸውን ሲያሳዩ የትሉ ነገር ወደቀ። በ1970 ፍሬንከል፣ ዱቤይና ሌሎች ቡድኖች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ተህዋሱ በድመት አንጀት ውስጥ ብቻ በጾታ ተራብቶ ለዓይን የማይታይ ጠንካራ እንቁላል እንደሚያወጣ አረጋገጡ። ሳይንሱ ኦኦሲስት ይለዋል፤ እዚህ እንቁላል ብለን እንለፈው። 

ድመት ባልደረሰባቸው የፓስፊክ ደሴቶች ላይ ጎርደን ዋላስ የመረመራቸው ሰዎች ከተህዋሱ ነፃ ለመባል ጥቂት የቀራቸው ሆነው መገኘታቸው ማስረጃውን አጠናከረው። ለምን ድመት ብቻ የሚለውም በ2019 መልስ አገኘ። የድመት አንጀት ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለውን ስብ ወደ ሌላ የሚቀይር አንድ ኤንዛይም ይጎድለዋል፤ ስቡ እዚያ ይጠራቀማል፤ ተህዋሱም ለመራባት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ድመቷ ጥፋተኛ ናት? ናት፤ ጥፋቷ ግን ሰው በሚገምተው ቦታ አይደለም። አንዲት ድመት እንቁላሉን የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ገና ማደን በጀመረችበት ዕድሜ። በእነዚያ ሳምንታት የምታወጣው በሚሊዮን ይቆጠራል። እንቁላሉ ትኩስ እንደወጣ ማንንም አይዝም፤ አየር አግኝቶ ለመብሰል ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል። ድመት ደግሞ ራሷን ስትልስ የምትውል እንስሳ ስለሆነች ዓይነ ምድሯ ፀጉሯ ላይ ደርቆ እስኪበስል አይቆይም። ስለዚህ ሶፋ ላይ የምታንኮራፋ አሮጌ ድመት መዳሰስ የበሽታው መንገድ ነው ማለት ይከብዳል። መንገዱ አፈሩ ነው፤ አፈሩ ደግሞ ድመቷ ተባራም እዚያው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1993 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ዳሰሳ ከተመረመሩት ከ4 ሰዎች 3 ያህሉ ተይዘው እንደሚያውቁ አሳየ። በዓመቱ በዚያው መጽሔት ስለ አዲስ አበባ ነፍሰ ጡሮች አጭር ማስታወሻ ታተመ። ከዚያ የኤችአይቪ ዘመን መጣና ቶክሶ ሌላ ፊቱን አሳየ፤ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የተሸሸገው ተህዋስ አንጎል ውስጥ ይነሳል። በ2009 አዲስ አበባ ላይ የተሠራ ጥናት ቫይረሱ ካለባቸው 93.3 በመቶ፣ ከሌለባቸው 86.7 በመቶ ተይዘው አግኝቷል። በ2012 ጅማ ላይ ከ201 ነፍሰ ጡሮች 83.6 በመቶ። በ2013 እንድርያስ ዘውዱና ባልደረቦቹ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከመረመሯቸው 425 በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች 81.4 በመቶ።

ጅማ ላይ ቤቷ ድመት ያላት ሴት የበለጠ ተይዛ ተገኘች። የአዲስ አበባው የ2015 ጥናት ግን ድመት አላት የለችም፣ ጥሬ ሥጋ ትበላለች አትበላም እየተባለ ሲፈተሽ ልዩነት የሚያመጣ አንድም ነገር አላገኘም፤ ይህንንም በርዕሱ ላይ ሳይቀር ጻፈው። ብዙ አንባቢ ይህን «ድመትም ሥጋም ነፃ ወጡ» ብሎ ያነበው ይሆናል። እኔ ሌላ ነገር ነው የማነብበት። 85 ከመቶው ሰው በተያዘበት ከተማ ንጽጽር የሚሠራበት ሰው አይተርፍም። ድመት የሌላት ሴት ግቢ የጎረቤት ድመት ያድርበታል፤ ጥሬ ሥጋ የማትቀምስ ሴት ሰላጣውን ከሌላው ጋር ከአንድ ጉልት ትገዛለች።

በዚያው 2013 ዱቤይ ራሱ (ያኔ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አንጋፋ ተመራማሪ ሆኖ) ከኢትዮጵያውያን ጋር ሌላ ወረቀት አወጣ። ከ36 የአዲስ አበባ ድመቶች የ7ቱ ዓይነ ምድር ውስጥ እንቁላሉ ተገኘ። ድመት የምታወጣው በዕድሜዋ ጥቂት ሳምንት ብቻ ከሆነ በአንድ ወቅት ከ36 7 ማግኘት ያስደነግጣል፤ በሌላው ዓለም ከ100 ድመት አንዷ ስታወጣ ብትገኝ ነው የተለመደው። ከተማችን ድመቶቿን ምን ብታበላቸው ነው?

ለዚህ መልስ ጥናት መፈለግ አያስፈልግም፤ የበዓል ዋዜማ አንድ የኮልፌ ግቢ መግባት ይበቃል። በጉ ታርዶ ቆዳው ሲገፈፍ ድመቶቹ ከየጣሪያው ይወርዳሉ። ሳንባው ለሰው አይሆንምና ይወረወርላቸዋል፤ የጨጓራ ትርፍራፊውም ይከተላል። በ2014 እነ እንድርያስ ዘውዱ ለምግብ ከሚታረዱ የኢትዮጵያ በጎችና ፍየሎች ሕያው ተህዋስ አውጥተዋል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ከአፈሩ ወሰደው፤ ግልገሏ ድመት ከበጉ ትወስደዋለች፤ በሳምንቱ ጎመኑ መደብ ላይ ወይም ለቤት መሥሪያ የተቆለለው አሸዋ ላይ ቆፍራ ትቀብረዋለች። ድመት ለስላሳ መቆፈሪያ ትወዳለችና ግንባታ በበዛበት ሰፈር የአሸዋ ክምር ሽንት ቤቷ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጆች እዚያው ላይ ይጫወታሉ።

እዚያው ግቢ ወጥ ቤት ውስጥ ዱለት እየተከተፈ ነው። ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ቀይ ሥጋው በአንድ ቢላዋ፣ በአንድ መክተፊያ። ጥሬ ሥጋ ሲነሳ ሁሉም ሰው ክትፎና ጎረድ ጎረድ ትዝ ይለዋል፤ ስለ ቶክሶ ከሆነ ግን ከሰንጋው ይልቅ በጉን እፈራለሁ። የከብት ሥጋ ውስጥ ሕያው ተህዋስ ማግኘት ከበግና ከፍየል ይልቅ እጅግ ብርቅ ነው። (ይህ ለነፍሰ ጡር የክትፎ ፈቃድ አይደለም፤ ኮሶውም ሌላውም እዚያው አለ።) የፓሪሶቹ ልጆች ከበግ ጎድን ያገኙትን የኛ ሴት ለብ ለብ ካለ ዱለት ልታገኝ ትችላለች። ሚጥሚጣ አይገድለውም፤ ሎሚም አይገድለውም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሥጋው እስከ ውስጡ 67 ዲግሪ ሲደርስ ነገሩ ያበቃል። ቴርሞሜትር ለሌለው ቤት፣ ውስጡ ቅላት እስኪያጣ ማብሰል ነው። ሥጋውን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ላይ ለቀናት የሚያቆይ ፍሪዘርም ይገድለዋል፤ መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር የሚቀልጥ ፍሪዘር ግን አይታመንም። ዶሮ ስትገነጠልም ያው ነው፤ ግቢ ውስጥ አፈር ስትጭር የኖረች ዶሮ ናት። 12ቱን ብልት የምታወጣዋ ሴት ካረገዘች ሥራውን ሌላ ሰው ይቀበላት፤ ካልሆነም እጇን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን በሳሙና ሳታጥብ ቃሪያውን አትንካ።

ሰላጣውስ? ብዙ ቤት አቼቶ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ወይም የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ጠብ ያደርግበታል። ክሎሪን የተቅማጥ ጀርሞችን ይጨርሳል፤ የቶክሶን እንቁላል ቅርፊት ግን አይበሳም፣ አቼቶም አይታመንም። የሚረዳው ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልጦ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው፤ እንቁላሉ ባይሞትም ይታጠባል። ከወንዝ ዳር፣ ከትንሹ አቃቂ ውሃ ጠጥቶ የበቀለ ቅጠል ከሆነ ለነፍሰ ጡር ማብሰሉ ይሻላል። ጎመን ሲበስል ጣጣ የለውም። የሚጠጣ ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ ማፍላት።

ድመቷ ቤት ትቅር። ዓይነ ምድሯን ሌላ ሰው በየቀኑ ያንሳው፤ በየቀኑ የሚባለው እንቁላሉ ሳይበስል ለመቅደም ነው። ሌላ ሰው ከሌለ በጓንት፣ ከዚያ በሳሙና። የጓሮ አፈር ስትኮተኩትም እንዲሁ። በእርግዝና ወራት አዲስ የድመት ግልገል ወደ ቤት አለማስገባት ይመረጣል፤ የቤቷ ድመት ደግሞ ሳንባውን ተቀቅሎ ትብላው።

የሚከብደው የምርመራ ወረቀቱ ነገር ነው። መደበኛው የእርግዝና ክትትል ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ ይመረምራል፤ ቶክሶ ግን የለበትም። ፈረንሳይ በ1978 ነፍሰ ጡሮቿን ሁሉ መመርመር ጀመረች። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ምርመራው የሚታዘዘው ፅንስ ካስወረዳት በኋላ በግል ክሊኒክ ነው፤ «ቶክሶ ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይወጣል፤ ሴትየዋ ታለቅሳለች፣ ድመቷም ትባረራለች። ይሁንና አይጂጂ የሚባለው አንቲቦዲ ብቻውን ፖዘቲቭ ከሆነ ከ100 የከተማችን ሴቶች የ85ቱ ወረቀት ያንኑ ይላል ማለት ነው። ከማርገዟ በፊት የተያዘች ጤነኛ ሴት ሰውነቷ ተህዋሱን ስላወቀው ፅንሷ የተጠበቀ ነው ሊባል ይችላል። አደጋው ያለው ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝናዋ ወቅት በተያዘች ሴት ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከተያዘች ወደ ፅንሱ የመሻገሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከተሻገረ ግን አንጎልና ዓይን ይጎዳል። በመጨረሻዎቹ ወራት ከግማሽ በላይ ይሻገራል፤ ልጁ ደህና መስሎ ይወለድና የዓይን ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ የምትጠነቀቀው በተለይ ኔጌቲቭ የሆነችው ናት፤ «ነፃ ነሽ» ተብላ በደስታ የምትወጣው። አይጂኤም የሚባለው ሌላው አንቲቦዲ ፖዘቲቭ ከሆነም ወዲያው መደናገጥ አይገባም፤ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። አቪዲቲ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ከተሠራና ከፍተኛ ከሆነ የተያዘችው ከማርገዟ በፊት ነው። አዲስ መሆኑ ከተረጋገጠ ስፓይራማይሲንና ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ የቱን መቼ እንደምትወስድ የሚወስነው ሐኪም ነው። ከቀድሞ እርግዝናዋ ያረጀ የምርመራ ወረቀት ያላት ሴት ከሳጥኗ ፈልጋ ይዛው ትሂድ። ከ3 ዓመት በፊት አይጂጂ ፖዘቲቭ ከነበረችና መከላከያዋን የሚያዳክም ሌላ ሕመም ከሌለባት፣ ዛሬ ያንኑ ምርመራ ማስደገም ገንዘቧን ማባከን ነው።